ከማይክሮፎን አጠገብ የተቀመጠ ኮምፒውተር፦ ጸጥ ያለ ፓወር ሰፕላይና ማቀዝቀዣ የመምረጥ አንድ ጉዳይ

አዲስ አበባ ውስጥ ያለች፣ 3 በ 4 ሜትር ገደማ የምትሆን የድምፅ መቅጃ ክፍል ናት። ግድግዳዋ በስፖንጅና በወፍራም መጋረጃ ተሸፍኗል፤ ወለሏ ምንጣፍ ለብሷል። ቀን ቀን የመጽሐፍ ትረካና የቪዲዮ ንባብ ይቀዳባታል፤ ማታ ደግሞ እዚያው ማሽን ላይ ቪዲዮ ይቀናበራል። ኮምፒውተሩ ተራኪው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ላይ፣ ከማይክሮፎኑ 1 ሜትር በማይሞላ ርቀት ተቀምጧል። ቀጣዩ ክፍል የሌላ ተከራይ ስለሆነ ግድግዳ በስቶ ገመድ በማሳለፍ ማሽኑን ወዲያ ማድረግ አይቻልም። ከሁሉ የሚሻለው መፍትሔ እሱ ነበር፤ የሚችል ሰው ይህን ጽሑፍ ሳይጨርስ መሰርሰሪያውን ቢያነሣ ያዋጣዋል።

የማሽኑ ዕቃ ይህ ነው፦ ኢንቴል ኮር አይ5-12400 ከካርቶኑ ጋር በመጣው ትንሽ ማቀዝቀዣ፣ አርቲኤክስ 3060 ባለ 12 ጊጋባይት ግራፊክስ ካርድ፣ 32 ጊጋባይት ራም፣ አንድ ኤስኤስዲ (የሚዞር ነገር የሌለው ማከማቻ)፣ በደቂቃ 5,400 ዙር የሚዞር ባለ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ፣ ፊቱ መስታወት የሆነ ኬዝ ከ 3 ባለመብራት ፋኖች ጋር፣ በመጨረሻም «600 ዋት» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ፓወር ሰፕላይ፣ ማለትም የግድግዳውን መብራት ለማሽኑ ዕቃዎች በሚስማማ ቮልት ቀይሮ የሚያከፋፍለው ሣጥን። ከጠረጴዛው ሥር ቮልቴጅ የሚያስተካክል አንድ ስታቢላይዘርና መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ አንድ ዩፒኤስ አሉ።

ቅሬታው አጭር ነው። ተራኪው ዝም ሲል ቀረጻው ዝም አይልም። በሶፍትዌር ድምፁን ለማጽዳት ሲሞከር ደግሞ ከጀርባው ጩኸት ጋር ስ፣ ሽ እና ፍ አብረው ይታጠባሉ፤ ንባቡ ውሃ ውስጥ የተነበበ ይመስላል። ጌት የሚባለው፣ ከተወሰነ ልክ በታች ያለውን ድምፅ የሚዘጋ ማጣሪያ ሲጨመርም እንደ ጥ፣ ጭና ጵ ካሉ ድምፆች በፊት ያለችውን ቅጽበታዊ ዝምታ እየዘጋና እየከፈተ ቃሉን ይቆራርጠዋል። መለኪያ ስላስፈለገ የአማዞን የትረካ መድረክ ኤሲኤክስ የሚጠይቀው ተወሰደ፦ ማንም ሳይናገር የሚቀዳው ድምፅ ከ −60 ዴሲቤል በታች መሆን አለበት። ለዚያ መድረክ የማይሠራ ሰውም በዚህ ልክ ቢለካ አይከስርም።

ባለቤቱ አስቀድሞ ያሰበው 1,000 ዋት «ሳይለንት» ፓወር ሰፕላይና የውሃ ማቀዝቀዣ ገዝቶ መገላገል ነበር። ሁለቱም አልተገዙም። ለምን እንዳልተገዙ የሚገባው መጀመሪያ የሚጮኸው ምን እንደሆነ ሲታወቅ ነው።

የቱ ነው የሚጮኸው?

ጆሮ እዚህ ላይ አይታመንም። ኬዝ ውስጥ ያለ ድምፅ በቆርቆሮው ስለሚዛመት ከሌላ ቦታ የመጣ ይመስላል። ስለዚህ ምርመራው የተሠራው በማይክሮፎኑ በራሱ ነው። በነፃ በሚገኘው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም፣ ኦዳሲቲ፣ 30 ሰከንድ ዝምታ ይቀዳል፤ ከትንተናው ዝርዝር ውስጥ የፍሪኩዌንሲ ሥዕሉ ይከፈታል፤ መጠኑ 16384 ይደረጋል። በዚህ ልክ ወደ 3 ኸርዝ (በሰከንድ 3 ንዝረት) የሚጠጋ ልዩነት ይታያል፤ ከዚያ ያነሰ መጠን ከተመረጠ ዝቅተኞቹ ድምፆች አንዱ ላይ አንዱ ይደራረባሉ።

ሥዕሉ ላይ ቀጥ ብለው የሚወጡት ጫፎች ባለቤታቸውን ይናገራሉ። ሃርድ ዲስክ 5,400 ዙር ከሆነ 90 ኸርዝ ላይ፣ 7,200 ከሆነ 120 ኸርዝ ላይ ይቆማል፤ ዙሩን ለ 60 ማካፈል ነው። ፋን ሲሆን ዙሩ ለ 60 ተካፍሎ በክንፎቹ ቁጥር ይባዛል፦ 7 ክንፍ ያለው ፋን በ 1,200 ዙር 140 ኸርዝ ያወጣል። የትራንስፎርመር እምምታ በ 100 ኸርዝ ነው፤ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብረቱ በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ይሳሳባል። ከ 300 ኸርዝ በላይ ሰፋ ብሎ የተንጣለለው ሹክሹክታ ደግሞ ነፋሱ ራሱ ነው፤ በክንፍ፣ በወንፊትና በቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ሲሰበር የሚያሰማው።

በዚህ ማሽን የተገኘው እንዲህ ነበር። ረጅሙ ጫፍ 90 ኸርዝ ላይ ነው፦ ሃርድ ዲስኩ። ጩኸቱ ለጆሮ ብዙም አይሰማም፤ ግን በቆርቆሮው ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው በማይክሮፎኑ ማቆሚያ በኩል ወደ ማይክሮፎኑ ይሄዳል። ክፋቱ የወንድ ድምፅ መሠረትም እዚያው አካባቢ መሆኑ ነው፤ ከ 80 ኸርዝ በታች ያለውን የሚቆርጠው የተለመደው ማጣሪያ አይነካውም፣ ማጣሪያውን ከፍ ማድረግ ደግሞ ተራኪውን ያቀጥነዋል። ሁለተኛው 100 ኸርዝ ላይ ያለ ጫፍ ነው። ሦስተኛው የነፋሱ ሹክሹክታ ሲሆን አራተኛው ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣ፣ ኩሽኔታው ያለቀ ፋን የሚያሰማው ጉርምርምታ ነው።

የትኛው ከየት እንደሆነ ለማረጋገጥ አንድ በአንድ ዝም ማሰኘት ያስፈልጋል። የኬዙ ፋኖች ሥራ በሌለበት ሰዓት ለ 5 ደቂቃ ቢነቀሉ ምንም አይሆንም፤ ሙቀትና የፋን ዙር በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ኤችደብሊውኢንፎ፣ ላይ ሙቀቱን እያዩ። ሃርድ ዲስኩ ማሽኑ ጠፍቶ ይነቀላል። የፕሮሰሰሩ ፋን አይነቀልም፤ ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሣ በሚከፈተው የማዘርቦርዱ ማስተካከያ፣ ለጊዜው ዝቅ ይደረጋል። ስታቢላይዘሩን ለመለየት ማሽኑን በዩፒኤስ ባትሪ ላይ አድርጎ ስታቢላይዘሩን ከግድግዳ መንቀል ይበቃል። በጣት ወይም በካቻቢቴ ፋን ማቆም ግን ክንፍ ይሰብራል፤ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ሲሆን ደግሞ ሰው ይገድላል። ዘመናዊ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ዋናው ካፓሲተር ወደ 400 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ የሚይዝ ሲሆን ስፒናው ከተነቀለ በኋላም ሊቆይበት ይችላል። ፓወር ሰፕላዩን ፈትቶ ፋኑን ብቻ መቀየር በየሱቁ ይሠራል፤ እዚህ አልተሠራም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የሚቀጥለው ላይ ነው። እኩል የሚጮኹ ሁለት ነገሮች ካሉ አንዱን ማጥፋት የሚቀንሰው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ለጆሮ «ግማሽ ሆነ» እንዲል ግን 10 ዴሲቤል ገደማ መውረድ አለበት። ስለዚህ አራት ጩኸት ያለበት ማሽን ላይ ውድ ፓወር ሰፕላይ ብቻ የገጠመ ሰው ምንም ለውጥ አይሰማም፤ ዕቃውንም ይረግማል። ዕቃው ጥፋት የለበትም። ቀሪዎቹ ሦስቱ ስላሉ ነው።

ቀጭን አየር

የውጭ አገር የዕቃ ፍተሻ ስናነብ የምንረሳው ነገር አለ። ፍተሻዎቹ የሚሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ለባሕር ወለል በቀረበ ከተማ ነው፤ አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ያለው አየር በተመሳሳይ ሙቀት በሩብ ያህል ይቀጥናል። ፋን የሚገፋው መጠን አይቀየርም፤ የሚገፋው አየር ግን ክብደቱ ስለቀነሰ የሚሸከመው ሙቀትም ይቀንሳል።

በቁጥር እንየው። ኬዙ ውስጥ 340 ዋት ሙቀት ቢኖርና አየሩ ገብቶ እስኪወጣ ከ 10 ዲግሪ በላይ እንዳይሞቅ ቢፈለግ፣ በባሕር ወለል በሰዓት 100 ሜትር ኩብ አየር ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ 134 ያስፈልጋል። ፋኑን በአንድ ሦስተኛ አፍጥኖ ማካካስ ይቻላል፤ ነገር ግን በፋን ስሌት ጩኸት ከፍጥነቱ ጋር በጣም ይንራል፤ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን 15 ዴሲቤል ይጨምራል። በአንድ ሦስተኛ ማፍጠን 6 ዴሲቤል ያህል ያስከፍላል። ቀጭን አየር ራሱ ጩኸቱን 2.5 ዴሲቤል ገደማ ስለሚቀንስ የተጣራው ኪሳራ ከ 3 እስከ 4 ዴሲቤል ነው።

መካካሻው የከተማዋ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ዱባይ ያለ ሰው ወይም ድሬዳዋ ያለ ሰው ይህን ስሌት ሲሠራ ቀጭኑ አየር ሳይሆን የክፍሉ ሙቀት ነው የሚያስቸግረው። የመቅጃ ክፍል ግን የታሸገ ነው፤ ሰውና መብራት ባለበት ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ቢደርስ አይገርምም። ስለዚህ ምርጫው በሁለቱም በኩል ትርፍ አቅም ተይዞለት ተሠራ። ማሽኑን እንጨት ሣጥን ውስጥ መቆለፍ የሚባለው ዘዴም የወደቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሣጥኑ አየር ካላስወጣ ፋኖቹ ያንኑ የሞቀ አየር እያዞሩ ፍጥነታቸውን ይጨምራሉ፣ በመጨረሻ ሣጥኑ የሸፈነውን ያህል እነሱ ይጮኻሉ።

ከፓወር ሰፕላዩና ከማቀዝቀዣው በፊት የሚሠራው

ጸጥታ የሚጀምረው ሙቀቱን ባለማምረት ነው። አይ5-12400 ከፋብሪካው 65 ዋት መሠረታዊና 117 ዋት ከፍተኛ የኃይል ወሰን አለው። ባዮስ ውስጥ ሁለቱም ወሰኖች 65 ተደረጉ። ይህ ፕሮሰሰር በረጅም ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ 117 ስለማይደርስ የሚጠፋው ፍጥነት ትንሽ ነው፤ የድምፅ ሥራ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይታወቅም። አርቲኤክስ 3060 ወሰኑ 170 ዋት ነው፤ አፍተርበርነር በሚባለው የግራፊክስ ካርድ ማስተካከያ ፕሮግራም 75 በመቶ ላይ ሲቀመጥ 128 ዋት ገደማ ይሆናል፣ ፍጥነቱ የሚቀንሰውም ከኃይሉ ቅነሳ ባነሰ መጠን ነው። ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲና ፋኖች ተደምረው 40 ዋት ቢያዝላቸው፣ 330 ገደማ የነበረው ከፍተኛ ጭነት ወደ 235 ዋት ወረደ። ሲቀዳ ደግሞ ማሽኑ በሙሉ የሚፈልገው 60 ዋት ገደማ ነው። እነዚህ ሁለት ቁጥሮች፣ 60 እና 235፣ ቀጥሎ የሚመጣውን ምርጫ በሙሉ ይወስናሉ።

ሃርድ ዲስኩ ከኬዙ ወጣ። የቀን ሥራ ወደ 2 ቴራባይት ኤስኤስዲ ተዛወረ፤ ዲስኩ በዩኤስቢ ሣጥን ውስጥ ገብቶ ማታ መጠባበቂያ ሲወሰድ ብቻ ይሰካል። 90 ኸርዝ ላይ የነበረው ጫፍ በዚያው ቀን ጠፋ። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ብቻ ማድረግ የሚችል ሰው ቢኖር ይህን ያድርግ።

ፓወር ሰፕላዩ

የድሮው መቀየር ያለበት ከጩኸቱም በፊት ስለ ደኅንነቱ ነው። ጀርባው ላይ 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ነበረው፤ ይህ ማብሪያ ካለ ውስጡ የድሮ ንድፍ ነው፣ አክቲቭ ፒኤፍሲ የለውም፤ ይህ ከመብራቱ የሚሳበውን ኤሌክትሪክ ከሞገዱ ጋር እኩል የሚያስኬድ ክፍል ነው። አንድ ሰው በስሕተት 115 ላይ አድርጎ በኛ 220 ቮልት ላይ ቢሰካው ይፈነዳል። ሌላው ምልክት ወረቀቱ ላይ ነው። የ 12 ቮልቱን አምፔር በ 12 ማባዛት ነው፦ 25 አምፔር ከሆነ 300 ዋት ብቻ ይወጣል፣ ከላይ 600 ቢጻፍም። ዛሬ ፕሮሰሰርም ግራፊክስ ካርድም የሚበሉት ከ 12 ቮልት ስለሆነ ትክክለኛው ቁጥር ይኼኛው ነው። እውነተኛ 650 ዋት ላይ 54 አምፔር ይነበባል፤ 648 ዋት ማለት ነው።

ጩኸቱ የሚመጣው ከብክነት ነው። 340 ዋት ለማውጣት 92 በመቶ ውጤታማ የሆነ ፓወር ሰፕላይ 30 ዋት ብቻ ወደ ሙቀት ይቀይራል። ውጤታማነቱ 75 በመቶ የሆነ ሲሆን 113 ዋት ያባክናል። ያንን ሁሉ ማስወጣት ያለበት ደግሞ አንድ ፋን ነው። ኤይቲ ፕላስ የሚባለው ማዕረግ የሚለካው ይህን ውጤታማነት ነው፤ በ 230 ቮልት ጎልድ የሚባለው ደረጃው በ 20፣ በ 50 እና በ 100 በመቶ ጭነት ላይ 90፣ 92 እና 89 በመቶ ይጠይቃል። በ 115 ቮልት የሚሰጠው ጎልድ 87፣ 90 እና 87 ስለሆነ የኛ መብራት እዚህ ላይ ይጠቅመናል። ኤይቲ ፕላስ ስለ ጩኸት አንዳች አይልም። ጩኸትን የሚለካው ሳይቤኔቲክስ የሚባል የፍተሻ ድርጅት ነው፤ ላምዳ በሚለው ደረጃው ኤ ፕላስ ፕላስ ከ 15 ዴሲቤል በታች፣ ኤ ፕላስ ከ 15 እስከ 20፣ ኤ ከ 20 እስከ 25 ማለት ነው። ካርቶኑ ላይ «ሳይለንት» ተብሎ የተጻፈው ቃል ማንም አልለካውም።

መጠኑስ? 235 ዋት ለሚበላ ማሽን 650 ዋት ተመረጠ። ጭነቱ 36 በመቶ ላይ ይውላል፤ የኃይል ወሰኖቹ አንድ ቀን በስሕተት ቢነሡም 50 በመቶ ገደማ ነው። የካርዱን ቺፕ የሚሠራው ኤንቪዲያ ለዚህ ካርድ የሚመክረው 550 ዋት ነው፣ ካርዱ ለሰከንድ ሽራፊ ከወሰኑ በላይ ስለሚዘል። 1,000 ዋት መግዛት ግን ትርፉ ለሻጩ ነው፦ 60 ዋት ከ 1,000 ውስጥ 6 በመቶ ብቻ ሲሆን በዚያ ዝቅታ ላይ የብዙዎቹ ውጤታማነት ይወርዳል።

የተወሰደው ሲሶኒክ ፎከስ ጂኤክስ-650 ነው፤ ጎልድ፣ ርዝመቱ 140 ሚሊ ሜትር፣ ገመዶቹ የሚነቀሉ። በቀላል ጭነት ፋኑን ጨርሶ የሚያቆም ሁኔታ አለው፤ ያንን የሚያበራና የሚያጠፋ ቁልፍ ጀርባው ላይ ይገኛል። 60 ዋት ላይ ፋኑ አይነሣም፣ ስለዚህ ቀረጻ ላይ ፓወር ሰፕላዩ ድምፅ የለውም። ይህ ሁኔታ ለሁሉም ሰው ጥሩ ነው ማለት አይደለም። ጭነቱ መነሻው ወሰን አካባቢ የሚዋልል ማሽን ላይ ፋኑ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ይነሣል፤ ቀጭን አየር ላይ ደግሞ ያለ ፋን ሙቀት ቀስ ብሎ ስለሚወጣ መነሻው ይፈጥናል። እንዲህ ለሚሆን ሰው ሁልጊዜ በ 500 ወይም በ 600 ዙር የሚንሸራሸር ፋን ያለው ይሻላል። ጆሮ ያልተቋረጠ ለስላሳ ድምፅ ይረሳል፤ የሚነሣና የሚቆም አይረሳም።

ሌላም ለደጋ ነዋሪ የሚሆን ነገር አለ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ ፓወር ሰፕላዮች ላይ የተራራ ሥዕልና 2000 ሜትር የሚል ምልክት ይታያል፤ ከዚያ ከፍታ በታች ብቻ ተጠቀሙበት ማለት ነው። አየር ሲቀጥን ኤሌክትሪክ ክፍተት መዝለል ስለሚቀልለው ነው። 5000 የሚል ካለ ያለ ሐሳብ ይወሰዳል። ዕቃው በዘመድ ሻንጣ የሚመጣ ከሆነ የወረቀቱን ፎቶ አስቀድሞ ማስላክ ይጠቅማል።

ማቀዝቀዣው

የውሃ ማቀዝቀዣ ያልተወሰደበት ምክንያት ፓምፑ ነው። 65 ዋት ለሚያመርት ፕሮሰሰር ፓምፕ ማዞር፣ ፋኖቹ እንዳሉ ሆነው አንድ የማያቋርጥ ድምፅ መጨመር ነው። የተመረጠው ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ኤስኢ ነው፤ ባለ ሁለት ማማ፣ 6 የሙቀት ቱቦዎች፣ ሁለት 120 ሚሊ ሜትር ፋኖች። ለ 65 ዋት ከሚገባው በላይ ትልቅ ነው፤ የተፈለገውም ይኸው ነው። ብረቱ ሰፊ ሲሆን ፋኑ መሮጥ አያስፈልገውም።

ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር ተለካ። ቁመቱ 155 ሚሊ ሜትር ነው፣ ኬዙ ከማዘርቦርዱ እስከ ጎን ሽፋኑ 160 ይፈቅዳል፤ አለፈ። ሁለተኛው የመግጠሚያው ዓይነት ነው። አይ5-12400 የሚቀመጥበት የማዘርቦርድ ሶኬት፣ ኤልጂኤ 1700፣ የመግጠሚያ ቀዳዳዎቹ 78 ሚሊ ሜትር ይራራቃሉ፣ ከሱ በፊት የነበረው ኤልጂኤ 1200 ደግሞ 75። ሱቅ ውስጥ የቆየ ማቀዝቀዣ አዲሱ መግጠሚያ ከካርቶኑ ውስጥ ከሌለ አይገባም፤ በጉልበት ከገባም በትክክል አይጫንም፣ ፕሮሰሰሩ በሰከንዶች ውስጥ 100 ዲግሪ ይነካል።

ሲገጠም ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቅባት፣ ቴርማል ፔስቱ፣ መሐል ላይ የአተር ፍሬ ያህል ተደርጎ ብሎኖቹ ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ ጠበቁ። ነፋሱ ወደ ኬዙ ጀርባ እንዲሄድ ፋኖቹ ሁለቱም አንድ አቅጣጫ ያያሉ። ከማቀዝቀዣው ሥር ያለውን ላስቲክ ሳይልጡ መግጠም የሚያስቅ ስሕተት ይመስላል፤ ሙቀቱ ለምን እንደጨመረ ሲፈለግ ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት እሱ ነው።

ከዚያ የኬዙ ፊት። መስታወቱ ፋኖቹ ፊት ላይ ስለተደፋ አየሩ በጎን ባለች ጠባብ ስንጥቅ ነበር የሚሳበው፤ ፉጨቱም ከዚያ። መስታወቱ ወጥቶ በቀዳዳ ቆርቆሮና ቀጭን ወንፊት ተተካ። ባለመብራቶቹ ሦስት ፋኖች ተነቅለው ሁለት አርክቲክ ፒ12 ፒደብሊውኤም ከፊት፣ አንድ ከኋላ ገቡ። እነዚህ ባለ 4 ሽቦ ስለሆኑ ከ 200 እስከ 1,800 ዙር ይታዘዛሉ። የድሮዎቹ ባለ 3 ሽቦ ነበሩ፤ ባዮስ ውስጥ መስመራቸው ፒደብሊውኤም (ፍጥነትን በአራተኛው ሽቦ የሚያዝ) ተብሎ ተቀምጦ ስለነበር 12 ቮልት ሙሉ እየተላከላቸው ሁልጊዜ በሙሉ ኃይል ይዞሩ ነበር። ቮልቱን በመቀነስ ፍጥነትን ወደሚያዘው ዲሲ ብቻ ቢቀየር ኖሮ ያኔውኑ ይቀንሱ ነበር። ፋን ለመግዛት ኪሱን የሚዳስስ ሰው መጀመሪያ ሽቦውን ይቁጠር።

የፋኖቹ ትእዛዝ እንዲህ ተደረገ፦ እስከ 55 ዲግሪ የኬዙ ፋኖች 600፣ የፕሮሰሰሩ 500 ዙር፤ ከዚያ ቀስ እያለ 75 ዲግሪ ላይ 1,000፤ 85 ላይ ሙሉ። 60 ዋት የሚያመርት ማሽን አዲስ አበባ ላይ በሰዓት 24 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ነው የሚፈልገው፤ በ 600 ዙር የሚዞሩ ሁለት የፊት ፋኖች ወንፊቱ ቢያስቸግራቸውም ያን ያደርሳሉ።

ከተገጠመ በኋላ የመጡት

መጀመሪያ የመጣው ማዕበል ነው። ፋኖቹ በየ 10 ሰከንዱ ከፍ ዝቅ ይሉ ነበር። ፕሮሰሰር አንድ መስኮት ሲከፈት ለሰከንድ 20 ዲግሪ ይዘልላል፤ ፋኑ ያንን እያየ ይሮጣል። ባዮስ ውስጥ የመጨመሪያና የመቀነሻ መዘግየት የሚባሉት ቁጥሮች ወደ ላይ ተነሥተው፣ የኬዙ ፋኖች ደግሞ የፕሮሰሰሩን ሳይሆን የማዘርቦርዱን ሙቀት እንዲያዩ ተደርጎ ማዕበሉ ቆመ።

ሁለተኛው ከግራፊክስ ካርዱ የሚመጣ ቀጭን ጭርጭርታ ነው። ድሮም ነበረ፤ ፋኖቹ ሸፍነውት ነበር። የኮይል ጩኸት የሚባለው ይህ ነው፣ በሺዎች ኸርዝ ላይ የሚሰማና ሥክሪኑ በተንቀሳቀሰ ቁጥር የሚለዋወጥ። ቀረጻ ላይ የሶፍትዌሩ የሚንቀሳቀሱ ሥዕሎች ሲጠፉና የምስል ፍጥነቱ በሰከንድ 60 ላይ ሲገደብ ጠፋ። ቪዲዮ ሲሠራ ይመለሳል፤ ያኔ ማይክሮፎኑ ስለሚዘጋ ተተወ።

ሦስተኛው ምንጣፉ ነበር። ማሽኑ ከጠረጴዛው ወርዶ፣ ከማይክሮፎኑ ወደ 2 ሜትር ርቆ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ርቀት እጥፍ ሲሆን ግድግዳ በሌለበት 6 ዴሲቤል ይወርዳል፣ ክፍል ውስጥ ከዚያ ያንሳል። ግን ፓወር ሰፕላዩ አየር የሚስበው ከሥር ነው፤ ወፍራሙ ምንጣፍ ቀዳዳውን ዘጋውና ቪዲዮ ሲቀናበር ፋኑ ያለወትሮው ጮኸ። 4 ሳንቲ ሜትር የሚሆን የእንጨት መደብ ተሠርቶለት በአራት የጎማ እግር ላይ ቆመ።

ኤሌክትሪኩ

የ 100 ኸርዙ ጫፍ ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም አልጠፋም፤ ቀነሰ እንጂ። ግማሹ የስታቢላይዘሩ እምምታ ነበር። ስታቢላይዘሩ ቮልቴጅ በተቀያየረ ቁጥር ሪሌው (ውስጡ ያለው መቀያየሪያ) ቀጭ የሚልበት ችግርም አለበት፤ ቀጭታው ደግሞ በየትኛውም ማጣሪያ አይወጣም። አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ከ 100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ለኮምፒውተሩ ስታቢላይዘር አያስፈልግም። ወጣ። ዩፒኤስ ግን ያስፈልጋል፣ መብራት በመጥፋቱ የአንድ ሰዓት ንባብ እንዳይጠፋ። የድሮው ዩፒኤስ በባትሪ ላይ ሲሆን የሚያወጣው ደረጃ ደረጃ የሆነ ሞገድ ነበር፤ አክቲቭ ፒኤፍሲ ያለው ፓወር ሰፕላይ በዚህ ላይ ሊንጫጫ፣ አንዳንዴም ሊጠፋ ይችላል። በንጹሕ ሳይን ሞገድ በሚሠራ 1,000 ቪኤ፣ 600 ዋት ተተካ። ሞኒተሩ ተጨምሮ ከግድግዳ የሚሳበው 300 ዋት ስለማይበልጥ ይበቃል። ከመብራት ወደ ባትሪ ሲዛወር የሚፈጅበት ከ 4 እስከ 10 ሚሊ ሰከንድ ነው፤ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ በ 80 በመቶ ጭነት ላይ እንኳ 17 ሚሊ ሰከንድ ያለ መብራት ይቆማል።

ሌላኛው ግማሽ ድምፅ አልነበረም። ማይክሮፎኑ ተሸፍኖም ይቀዳ ነበር፤ ስለዚህ ከአየር ሳይሆን ከገመድ የመጣ ነው። የግድግዳው ሶኬት ሦስት ቀዳዳ ቢኖረውም ኧርዝ የሚባለው፣ ወደ መሬት የሚወርደው ሽቦ ከኋላው አልተያያዘም ነበር። ፓወር ሰፕላይ መግቢያው ላይ ሁለት ትናንሽ ካፓሲተሮች መብራቱን ከኬዙ ቆርቆሮ ጋር ያገናኛሉ፤ ኧርዝ ከሌለ ቆርቆሮው የመስመሩን ግማሽ፣ ወደ 110 ቮልት፣ ይዞ ይቆማል። ሲነኩት እጅን ነዘር የሚያደርገው እሱ ነው፤ የድምፅ ካርዱም በዩኤስቢው በኩል ያንኑ ይወስዳል። ይህን ፓወር ሰፕላይ በመቀየር ማስተካከል አይቻልም፤ ኤሌክትሪሺያን ጠርቶ ኧርዝ ማስቀበርና ሶኬቱን ማገናኘት እንጂ። ከዚያም ኮምፒውተሩ፣ የድምፅ ካርዱና ሞኒተሩ በሙሉ ከዚያች አንድ ሶኬት በአንድ ማከፋፈያ እንዲወስዱ ተደረገ።

ከዚህ በኋላ የተቀዳው ዝምታ ከ −60 በታች ወርዷል። ሥዕሉ ላይ ጎልቶ የቀረው ከመንገዱ የሚገባው የመኪና ድምፅ ነው። የፊት ወንፊቱ በየወሩ ይታጠባል፤ አቧራ ሲይዝ ፋኖቹ 600 ላይ መቆየት ስለማይችሉ፣ ኤችደብሊውኢንፎ ላይ ቁጥሩ ከ 700 ማለፍ ሲጀምር የማጠቢያው ጊዜ ደርሷል።